በችግር ጊዜ ባንክ ለባለዕዳ ስለሚሰጠው ዕረፍት

ባንክ በችግር ጊዜ ለባለዕዳ ከሚያደርጋቸው ርዳታዎች መካከል ጊዜ መስጠትና ዕዳ መተው ይገኛሉ። በአውሮፓ አቈጣጠር በ2020 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ ሥራን ባስፈታ ጊዜ የህንድ ማዕከላዊ ባንክ፥ ባንኮች የብድርን ክፍያ ስድስት ወር እንዲያቈዩ ፈቀደ። ወለዱ ግን መቈጠሩን አልተወም። 10,000 ሩፒ በዓመት 12 ከመቶ ወለድ የተበደረ ሰው ስድስት ወር ሳይከፍል ቢቈይ 600 ሩፒ ይጨመርበታል፤ ወለዱ በየወሩ ወለድ ሲወልድ ግን 615 ይደርሳል። በ2021 ዓ.ም. የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የወለድ ወለድ እንዳይከፈል ፈረደ፤ የዋናውን ገንዘብ ወለድ ግን አልሻረም። ስለዚህ ጊዜ ማግኘት ከዕዳ መዳን አይደለም። መምህራንና ሽማግሌዎች ሆይ፥ ባለዕዳ ሁሉ ከመፈረሙ አስቀድሞ «በዕረፍቱ ወራት ወለዱ ይቈጠራልን? ወለዱስ ይወልዳልን?» ብሎ እንዲጠይቅ አስተምሩ።