የተተኮሰ ጥይት የት ያርፋል?

ጥር መጣ። ጤፉ ተወቅቶ ጎተራ ገብቷል። በአዳማ ዙሪያ፣ በሞጆ፣ በመቂና በባቱ መንደሮች የሰርግ ዳስ ይጣላል። ሙሽራው ሙሽሪትን ይዞ ሲገባ እልልታው ይቀልጣል። በዚህ መሐል አንድ ሰው ጠመንጃውን ወደ ሰማይ ያነሳና «ዷ! ዷ!» ያደርገዋል። ልጆች ይሯሯጣሉ። ቀለሁን ለመልቀም ይሻማሉ። ተኳሹም ደረቱን ነፍቶ ይቆማል።

እኛ ግን ዛሬ አንድ ጥያቄ እንጠይቅ። ያ ጥይት የት ደረሰ?

«ሰማይ ዋጠው» የሚል አይጠፋም። ሰማይ ግን ጥይት አይውጥም። ወደ ላይ የወረወርነው ድንጋይ ተመልሶ እንደሚወርድ ሁሉ ጥይትም ይወርዳል። የሚወርደው ግን የት እንደሆነ ተኳሹ አያውቅም። ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ጥይት ሲወጣና ሲወርድ

የክላሽንኮቭ ጥይት ከአፈሙዙ ሲወጣ በአንድ ሴኮንድ 700 ሜትር ያህል ይሄዳል። አንድ ሴኮንድ ማለት «አንድ» ብለን እስክንቆጥር ነው። ጠመንጃው ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ከተተኮሰ ጥይቱ ወጥቶ ወጥቶ ጉልበቱ ሲያልቅ ይመለሳል። ሲመለስ ፍጥነቱ ቀንሷል። ቢሆንም በሴኮንድ ከ60 ሜትር በላይ እየተምዘገዘገ ይወርዳል። ይህ የሰው ራስ ቅል ለመብሳት ይበቃል።

ነገር ግን በሰርግ መሐል ጠመንጃውን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ማን ነው? ተኳሹ ጠላ ቀምሷል፤ ሰው ይገፋዋል፤ እሱም ይጨፍራል። ስለዚህ አፈሙዙ ያዘነብላል። ያዘነበለ ጥይት ደግሞ ጉልበቱን ይዞ ይሄዳል። ከሁለት ኪሎ ሜትር በላይ ሊጓዝ ይችላል። ሰርጉ በአንድ ቀበሌ፣ ልቅሶው በሌላ ቀበሌ ይሆናል ማለት ነው። ማድጋ ተሸክማ ከወንዝ የምትመለስ ልጅ፣ በረንዳ ላይ የተቀመጠ ሽማግሌ፣ በረት ያለ በሬ፣ ማንም ሊመታ ይችላል።

ሰው ከሞተ በኋላ «ሳላውቅ ነው» ማለት ነፍስ አይመልስም። በ1996 የወጣው የወንጀል ሕጋችን በቸልተኝነት ሰው የገደለውንም ይቀጣል። በኦሮሞ ባህል ደግሞ ነፍስ ሲጠፋ ሽማግሌዎች ተሰብስበው በጉማ ሥርዓት ያስታርቃሉ። ካሣውን የገዳይ ዘመድ ሁሉ ያዋጣል። አንድ ሰው ለአንድ አፍታ ደስታ የተኮሰው ጥይት የዘመዱን በረት ባዶ ሊያስቀር ይችላል። የሟች እናት ግን ከብቱም ሆነ ፍርዱ ልጇን አይመልስላትም።

ጠመንጃ ለምን ተወደደ?

አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ «ታዲያ ጠመንጃን ልትነቅፉ ነው እንዴ?» ይላል። አይደለም። ጠመንጃ በአገራችን ያለ ምክንያት አልተወደደም። በ1888 በዓድዋ፣ ከ1928 እስከ 1933 ደግሞ በአርበኝነት ዘመን አገር የተጠበቀው በመሣሪያ ነው። አያቶቻችን የጠመንጃቸውን ስም እንደ ልጃቸው ስም ይጠሩ ነበር። ሰናድር፣ ወጨፎ፣ ምንሽር፣ አልቤን፣ ዲሞትፈር ይሉ ነበር። ዛሬም በመተሐራና በፈንታሌ በኩል ግመልና ከብት የሚጠብቅ ሰው መሣሪያ የሚይዘው ለጌጥ ብቻ አይደለም። ሌሊት ዘራፊ ይመጣብኛል ብሎ ነው።

በሬ ሸጦ ጠመንጃ የገዛ ሰውም አለ። ከአባቱ የወረሰም አለ። ያ ጠመንጃ ለባለቤቱ ንብረቱና ክብሩ ነው። የአባቱ ማስታወሻም ነው። ይህን እናውቃለን። ነገር ግን አባት ጠመንጃውን የያዘው ለቁም ነገር ነበር። ጥይት ውድ ስለነበረ ይቆጥበው ነበር። አንድ ጥይት ሲተኩስ ምን እንደሚመታ አይቶ ነበር። ዒላማ ሳያይ መተኮስ የጥሩ ተኳሽ ምልክት ሆኖ አያውቅም።

ለመዝናናት የሚተኩሱ አገሮች

በዓለም ላይ ለመዝናናት የሚተኩሱ ብዙ ሰዎች አሉ። እንደ ገና ጨዋታና እንደ ጉግስ ያለ ጨዋታ አድርገው ይይዙታል። የዒላማ ተኩስ በ1896 በአቴና በተደረገው የመጀመሪያው ዘመናዊ የኦሎምፒክ ውድድር ላይ ነበረ። በዚህ ክፍል የጻፍናቸው ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የእነዚህ አገሮች ሕግ ግን አንድ ዓይነት አይደለም።

በስዊዘርላንድ ወታደር የነበረ ገበሬ ጠመንጃውን ቤቱ ያስቀምጣል። በመንደሩ የዒላማ ሜዳ ሄዶ ይለማመዳል። ቢሆንም ከ2007 ጀምሮ መንግሥት ለወታደር የሚሰጠው ጥይት ከቤት ወጥቶ በግምጃ ቤት እንዲቀመጥ ተወስኗል።

በጃፓን ተራ ሰው ሽጉጥ መያዝ አይፈቀድለትም። የአደን ወይም የስፖርት ጠመንጃ የፈለገ ሰው ትምህርት ይወስዳል፤ በጽሑፍም በተኩስም ይፈተናል። ጠመንጃውና ጥይቱ ለየብቻ ይቆለፋሉ። ፖሊስም መጥቶ ያያል።

በአሜሪካ መሣሪያ የመያዝ መብት ከ1791 ጀምሮ በሕገ መንግሥቱ ተጽፏል። ይሁን እንጂ ክፍለ ግዛቶቹ የየራሳቸው ሕግ አላቸው። በአንዱ የተፈቀደው በሌላው ሊከለከል ይችላል።

በብሪታንያ በ1996 አንድ ሰው በፈቃድ በያዛቸው ሽጉጦች በደንብሌን ከተማ ትምህርት ቤት ገብቶ 16 ሕፃናትንና አንዲት መምህርት ገደለ። ይህ ሰው የተኩስ ክበብ አባል ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ተራ ሰው ሽጉጥ እንዳይዝ የሚከለክል ሕግ ወጣ። ብዙ የዒላማ ተኳሾች «እኛ ምን አጠፋን?» ብለው አዘኑ። የሟቾች ወላጆች ደግሞ «የእናንተ ጨዋታ ከልጆቻችን ነፍስ አይበልጥም» አሉ። በ1996 በአውስትራሊያም አንድ ሰው 35 ሰው ገደለ። መንግሥት ሕጉን አጥብቆ ከ600 ሺህ በላይ ጠመንጃ ከሕዝቡ ገዝቶ አስወገደ።

ጎረቤታችን ኬንያ ደግሞ በ1977 የአደን ጨዋታን ከለከለች።

እንግዲህ አንዱ አገር ያላላል፣ አንዱ ያጠብቃል። የትም ብንሄድ ግን ቁም ነገረኛ ተኳሽ የሚጠየቀው ሦስት ጥያቄ ነው። ጠመንጃው የማን ነው? የት ይቀመጣል? ጥይቱ የት ያርፋል? በዒላማ ሜዳ ከዒላማው ኋላ ትልቅ የአፈር ክምር ይደረጋል። ጥይቱ እዚያ ይቀራል። ተኳሹ ከጠጣ ወይም ሰው ከፊት ካልተነሳ አይተኮስም። ለመዝናናት የሚተኮስ ጥይት እንኳ ማረፊያ አለው።

የአገራችን ሕግ

በአገራችን የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 በ2012 ወጥቷል። ቁም ነገሩ አጭር ነው። ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝ፣ መሸጥና ማዘዋወር ክልክል ነው፤ በእስራትም ያስቀጣል። ሕዝብ በሚሰበሰብበት ቦታ ይዞ መገኘትንም ሕጉ ይገድባል። ሰርግም የሕዝብ መሰብሰቢያ መሆኑን አንርሳ።

ከመተሐራ ተነስቶ አዳማ ገበያ የሚገባ ሰው ይህን ማሰብ አለበት። በግጦሽ ሜዳ የተለመደው ነገር በከተማ አውቶቡስ መናኸሪያ አይሆንም። አዳማ የጅቡቲ፣ የአርሲና የአዲስ አበባ መንገድ የሚገናኝባት ከተማ ናት። ፍተሻ አለ። «በአገሬ ልማድ ነው» ብሎ መመለስ ከእስር አያድንም።

አንዳንድ ሰው «ባስመዘግብ ይወስዱብኛል» ብሎ ይፈራል። ፍርሃቱን አንንቅም። ደግሞ ሌላውን ወገን እንመልከት። ያልተመዘገበ ጠመንጃ ቢሰረቅ ባለቤቱ «ጠመንጃዬ ጠፋ» ብሎ ማመልከት አይችልም። ሌባው ሰው ቢገድልበት ጣጣው ወደ ባለቤቱ ይመጣል። የተደበቀ ጠመንጃ ጌታውን ይደብቀዋል እንጂ አይጠብቀውም። አዋጁ ከወጣ ዓመታት አልፈዋል። ስለዚህ ያላስመዘገበ ሰው ሽማግሌ ወይም ሕግ አዋቂ ይዞ የቀበሌውን አስተዳደርና የወረዳውን ፖሊስ ቀድሞ ይጠይቅ። የአባት ጠመንጃ የወረሰም እንዲሁ ያድርግ። የአባት ፈቃድ በአባት ስም ነው፤ ከአባት ጋር ያልፋል።

እዚህ ላይ ማንበባችን ይጠቅመናል። በጠመንጃው ብረት ላይ ቁጥር ተቀርጿል። በፈቃድ ወረቀቱም ላይ ቁጥር ተጽፏል። ሁለቱ አንድ መሆናቸውን ራሳችን እናንብብ። ስማችን በትክክል መጻፉን እንይ። ማብቂያ ቀን ካለው እናስታውስ። ድሮ ፊደል ያልቆጠረ ሰው ሌላ ሰው ባነበበለት ይፈርም ነበር። ዛሬ በራሳችን ዓይን አንብበን እንፈርማለን።

አደንስ?

በስምጥ ሸለቆ ብዙ የዱር አራዊት ነበር። በ1958 የተቋቋመው የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ሳላ የሚገኝበት ነው። ከሻሸመኔ ወዲያ ያለው የሰንቀሌ መጠለያ ደግሞ ቆርኬ የሚጠበቅበት ነው። ይህ የቆርኬ ዓይነት ከኢትዮጵያ በስተቀር በየትም አገር አይገኝም። በ1983 የመንግሥት ለውጥ ጊዜ ጠባቂ ጠፍቶ ብዙ ቆርኬ በጥይት አለቀ። ጥቂት ቀናት ሥጋ ተበላ፤ ዘሩ ግን ሊጠፋ ደረሰ።

አሁን በዱር እንስሳት ሕግ መሠረት ያለ ፈቃድ ማደን ክልክል ነው። ይህን ጊዜ አንድ ገበሬ ይነሳና «ከርከሮው በቆሎዬን ሲፈጅ ዝም በል ትሉኛላችሁ። ፈረንጅ ግን ከባሕር ማዶ ጠመንጃውን ይዞ መጥቶ በአርሲ ተራራ አጋዘን ይገድላል። ሕጉ ለእሱ ሌላ ነው?» ይላል።

ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱም ይህ ነው። የውጭ አዳኝ ብዙ ገንዘብ ይከፍላል። የሚያድነው በተከለለ ቦታ ነው። የሚገድለው እንስሳ በቁጥር የተወሰነ ነው። የዱር እንስሳት ጠባቂ አብሮት ይሄዳል። ጠመንጃውም ሲገባና ሲወጣ ይመዘገባል። ስለዚህ እሱም ያለ ፈቃድ አይተኩስም። ሆኖም ከክፍያው ለአካባቢው ሕዝብ ምን ደረሰው ብሎ መጠየቅ የገበሬው መብት ነው። በቆሎው የተበላበትም ጉዳቱን ለቀበሌው ያስጽፍ፤ እርዳታ ይጠይቅ። ጠመንጃ አንስቶ ጫካ መግባት ግን ከርከሮውን ሳይሆን ራሱን ያስይዛል።

በቤታችን ምን እናድርግ?

ፈቃድ ያለን ሰዎች እነዚህን እንጠብቅ።

1. ቤት ስንገባ ጠመንጃው ባዶ ይሁን። ምላጭ ሳንነካ፣ አፈሙዙን ከሰው አዙረን ጥይቱን እናውጣ፤ ዓይናችን ያረጋግጥ።
2. ጠመንጃውና ጥይቱ ለየብቻ ይቆለፉ። ልጅ አባቱ የደበቀበትን ቦታ ያውቃል። «አያውቅም» ብለን አንሞኝ።
3. «ባዶ ነው» ብለን እንኳ በጨዋታ ወደ ሰው አናነጣጥር።
4. ጠላ፣ አረቄ ወይም ጫት ባለበት ጠመንጃ አይነሳ።
5. ለጓደኛም ቢሆን አናውስ።
6. በሰርግና በልቅሶ አንተኩስ።

ስድስተኛውን መፈጸም የሚከብደው በይሉኝታ ነው። «እከሌ በልጁ ሰርግ አልተኮሰም» እንዳይባል እንፈራለን። ስለዚህ አንድ ሰው ብቻውን ከሚሸከመው መንደሩ አንድ ላይ ይወስን። እድሩ ተሰብስቦ «በእኛ መንደር ሰርግ ላይ ጥይት አይተኮስም» ብሎ በመዝገቡ ይጻፍ። ጠሪውም ሲጠራ «ጠመንጃችሁን ቤት ተዉት» ይበል። እልልታ አለን፤ ጭብጨባ አለን፤ ፈረስም አለን። በእልልታ የሞተ ሰው የለም።

ጠመንጃን የሚያከብር ሰው ጥይቱ የት እንደሚያርፍ ሳያውቅ ምላጭ አይስብም። ክብሩም ከድምፁ አይመጣም።

የቃላት ፍቺ

አፈሙዝ፦ ጥይት የሚወጣበት የጠመንጃ ጫፍ
ምላጭ፦ ለመተኮስ በጣት የሚሳበው ብረት
ቀለህ፦ ጥይት ከተተኮሰ በኋላ የሚቀረው ቅርፊት
ቸልተኝነት፦ ጥንቃቄ ማጣት
ጉማ፦ በኦሮሞ ባህል ነፍስ ሲጠፋ የሚፈጸም የካሣና የእርቅ ሥርዓት

ጥያቄዎች

1. ወደ ሰማይ የተተኮሰ ጥይት ለምን አደገኛ ነው?
2. ቁም ነገረኛ ተኳሽ የሚጠየቃቸው ሦስት ጥያቄዎች ምን ምን ናቸው?
3. በስዊዘርላንድና በጃፓን ሕግ መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው?
4. የብሪታንያ የዒላማ ተኳሾች «እኛ ምን አጠፋን?» አሉ። የሟቾች ወላጆች ምን መለሱ? እናንተስ ምን ትላላችሁ?
5. የአባት ጠመንጃ የወረሰ ሰው ምን ማድረግ አለበት?
6. በእድራችሁ ስለ ሰርግ ተኩስ ተወያዩ። የተስማማችሁበትን በሦስት መስመር ጻፉ።