ርቀትና ጊዜ፦ በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ለሚገኝ ወሳኝ የመረጃ ቋት የመጠባበቂያና የመልሶ ማቋቋም ስልት አመራረጥ

መግቢያ

በአዳማ፣ በሞጆ፣ በባቱ፣ በሻሸመኔና በመተሐራ የሚገኙ ሆስፒታሎች፣ የብድርና ቁጠባ ተቋማትና የትምህርት ተቋማት ሥራቸውን ከወረቀት መዝገብ ወደ መረጃ ቋት እያሸጋገሩ ነው። ሽግግሩ የአደጋውን ባሕርይም ይለውጠዋል። ከመዝገብ ቤት አንድ ፋይል ቢጠፋ ሌላው ይተርፋል፤ የመረጃ ቋት ግን በአንድ የተሳሳተ ትእዛዝ ወይም በአንድ የዲስክ ብልሽት ሙሉ በሙሉ ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ የመጠባበቂያ ቅጂ አያያዝ ለባለሙያ ብቻ የሚተው ቴክኒካዊ ጉዳይ ሳይሆን የተቋሙ አመራር ሊወስንበት የሚገባ ነው።

በተለመደው አሠራር ውሳኔው የሚጀምረው ከመሣሪያ ምርጫ ነው፤ የትኛው ሶፍትዌር፣ የትኛው ሰርቨር፣ ስንት ዲስክ የሚሉት ጥያቄዎች ይቀድማሉ። ይህ ጽሑፍ ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት ይላል። አስቀድሞ ሊለይ የሚገባው የጉዳቱ ዓይነት ነው፤ የቦታ ጉዳት፣ የይዘት ጉዳትና የመስመር መቋረጥ የየራሳቸው መከላከያ አላቸው፤ አንዱን የሚመክት ዘዴ ሌላውን ሊያባብስ ይችላል። ቅጂን ማራቅ ከቦታ ጉዳት ያድናል፤ ከይዘት ጉዳት የሚያድነው ግን ርቀት ሳይሆን ጊዜ ነው፤ ማለትም ስሕተቱ ከመፈጸሙ በፊት ወደነበረው ሁኔታ መመለስ መቻል ነው።

ምርጫው የሚመዘነው በሁለት የታወቁ መለኪያዎች ነው። የመጀመሪያው ተቋሙ ምን ያህል ጊዜ የተመዘገበ መረጃ ቢያጣ ይችለዋል የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው አገልግሎቱ ለምን ያህል ጊዜ ተቋርጦ ሊቆይ ይችላል የሚል ነው። ሁለቱ አብረው አይሄዱም። የሆስፒታል ካርድ ክፍል ለሦስት ሰዓት በወረቀት መሥራት ይችል ይሆናል፤ የሦስት ሰዓት የላቦራቶሪ ውጤት መጥፋት ግን ናሙናዎችን እንደገና መውሰድን ይጠይቃል፤ አንዳንዱ ናሙና ደግሞ ዳግም አይገኝም። በዚህ ምክንያት ለአንድ ተቋም አንድ ወጥ መለኪያ ማውጣት ብዙውን ጊዜ ስሕተት ነው።

የቦታ ጉዳት

ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ በተከታታይ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ በኦሮሚያ፣ በአፋርና በአማራ ክልሎች በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ከቀያቸው አፈናቅሏል። የካቲት 7 ቀን 2017 ዓ.ም. ሌሊት የደረሰው በመጠን 6.0 የተለካ ሲሆን፣ ንዝረቶቹ እስከ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምተዋል። አካባቢው ከአዳማ በስተምሥራቅ ከ100 ኪሎ ሜትር ብዙም በማይበልጥ ርቀት ላይ ይገኛል። ክስተቱ ለስምጥ ሸለቆው አዲስ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1906 በላንጋኖ አካባቢ የደረሰው መንቀጥቀጥ በአገሪቱ ከተመዘገቡት ብርቱዎች አንዱ ነበር።

ለመረጃ አያያዝ ይህ ምን ማለት ነው? ዋናው ሰርቨር አዳማ፣ መጠባበቂያው መተሐራ ወይም ባቱ ቢሆን ሁለቱም በአንድ ስምጥ ወለል ላይ ናቸው። በካርታ ሲታይ ርቀት አለ፤ የአደጋው ምንጭ ግን አንድ ነው። በአንጻሩ ከአዳማ በስተደቡብ 75 ኪሎ ሜትር ላይ የምትገኘው አሰላ በምሥራቁ ከፍታ ላይ፣ አዲስ አበባ ደግሞ በምዕራቡ ጠርዝ ላይ ናቸው። አዲስ አበባ የተሻለ የመረጃ ማዕከልና የባለሙያ አቅርቦት ስላላት ብዙ ጊዜ ትመረጣለች፤ ሆኖም ከንዝረት ፈጽማ ነጻ እንዳልሆነች 2017 ዓ.ም. አሳይቷል። ከስምጥ ሸለቆው በእውነት የራቀ ሦስተኛ ቅጂ የሚያስፈልገው ተቋም እንደ ጅማ ያሉ የደጋ ከተሞችን ሊያስብ ይገባል። አሰላም ሆነች አዲስ አበባ ከአዳማ ጋር በአንድ ብሔራዊ የኤሌክትሪክ መረብ የተሳሰሩ በመሆናቸው፣ የመጠባበቂያው ሥፍራ የራሱ ጄኔሬተር ከሌለው ርቀቱ ከመብራት መጥፋት አያድንም።

የቦታ ጉዳት የግድ ከምድር አይመጣም። እ.ኤ.አ. መስከረም 26 ቀን 2025 በደቡብ ኮሪያ ዴጆን ከተማ በብሔራዊው የመረጃ ሀብት ማዕከል ከባትሪ የተነሣ እሳት ከ600 በላይ የመንግሥት ሥርዓቶችን ከአገልግሎት ውጭ አድርጓል። የመንግሥት ሠራተኞች የሥራ ሰነድ ያስቀመጡበትና 858 ቴራ ባይት የሚይዘው ማከማቻ ከመጠኑ ግዝፈት የተነሣ ሌላ ቦታ ቅጂ አልነበረውም፤ ጠፍቷል። በቴክኖሎጂ ከቀደሙት አገሮች በአንዷ ይህ መድረሱ ትኩረት ይሻል። ቅጂ የተነፈገው መረጃው ዋጋ ስላልነበረው አይደለም፤ መጠኑ አስቸጋሪ ስለነበር ነው። በእኛም ተቋማት የራጅ ምስሎችና የተቃኙ ሰነዶች በዚሁ ምክንያት ከመጠባበቂያ ዕቅድ ውጭ የመሆን ዕድላቸው ሰፊ ነው።

የይዘት ጉዳት

የይዘት ጉዳት ማለት መሣሪያው ሁሉ ደኅና ሆኖ በውስጡ ያለው መረጃ የተሳሳተ ሲሆን ነው። በኢትዮጵያ በሰፊው የሚታወቀው ምሳሌ መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የደረሰው ነው። ባንኩ በሰጠው መግለጫ ችግሩ ከሲስተም ማሻሻያ ሥራ ጋር የተያያዘ እንጂ የሳይበር ጥቃት አልነበረም። በዚያች ሌሊት 490 ሺህ ያህል ግብይቶች ተከናውነዋል፤ ያለ አግባብ የወጣው ገንዘብ 801 ሚሊዮን ብር ያህል እንደሆነም ተገልጿል።

እንዲህ ባለ ጊዜ የመጠባበቂያ ቅጂ ምን ይሠራል? በመጀመሪያ እይታ መልሱ ቀላል ይመስላል፤ የመረጃ ቋቱን ከችግሩ በፊት ወደነበረበት ሰዓት መመለስ። ይህ ግን በዚያው ሌሊት በሕጋዊ መንገድ የተከናወኑትን ግብይቶች ጭምር ይሰርዛል፤ ከኤቲኤም የወጣውን ጥሬ ገንዘብ አይመልስም፤ ወደ ሌላ ባንክ የተላለፈውንም እንዲሁ። የመረጃ ቋቱ ከውጭው ዓለም ጋር ከተገናኘ በኋላ ወደ ኋላ መመለስ ራሱ አዲስ ስሕተት ይፈጥራል። ትክክለኛው መንገድ ሒሳቡን ባለበት ይዞ በማስተካከያ ምዝገባ ወደፊት ማረም ነው። የመጠባበቂያ ቅጂው ጥቅም በዚህ ጊዜ ሌላ ነው፤ ዋናው ሳይነካ በሌላ ሰርቨር ላይ ከስሕተቱ በፊት የነበረው ሁኔታ ተነሥቶ፣ የትኛው ሒሳብ በምን ያህል እንደተዛነፈ በንጽጽር ለማወቅ ያገለግላል። ስለዚህ ስልት ሲነደፍ ከዋናው ጎን ሁለተኛ ቅጂ ማንሣት የሚችል ትርፍ ሰርቨርና የዲስክ ቦታ መያዝ አለበት። ይህ በበጀት ጥያቄ ላይ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል።

በቀጥታ የሚባዛ ተከታይ ሰርቨር በይዘት ጉዳት ጊዜ አይረዳም፤ የተሳሳተውን ትእዛዝ በሰከንድ ክፍልፋይ ይቀበላልና። እ.ኤ.አ. ጥር 31 ቀን 2017 በጊትላብ ኩባንያ የሆነው ይህን ያሳያል። አንድ መሐንዲስ የማባዛት ችግር ሲፈታ ሳለ የዋናውን ሰርቨር የመረጃ ማውጫ ሰረዘ፤ ተከታዩ ሰርቨርም አስቀድሞ ባዶ ተደርጎ ነበር። ኩባንያው በርካታ የመጠባበቂያ ዘዴዎች ነበሩት። ከእነርሱ አንዱ፣ በየዕለቱ ይወሰዳል የተባለው ቅጂ፣ የቅጂ መሣሪያው ስሪት ከሰርቨሩ ስሪት ጋር ባለመጣጣሙ ሲከሽፍ ቆይቷል፤ መክሸፉን የሚያሳውቀው ኢሜይልም ለባለሙያዎቹ አይደርስም ነበር። በመጨረሻ የተረፉት አንድ ባለሙያ ለሌላ ሥራ ከ6 ሰዓት በፊት በእጁ በወሰደው ቅጂ ነው። መልሶ ማቋቋሙ 18 ሰዓት ያህል ወሰደ።

ከይዘት ጉዳት የሚያድነው ዘዴ ሙሉ ቅጂን ከለውጥ መዝገብ ጋር ማጣመር ነው። የመረጃ ቋቱ እያንዳንዱን ለውጥ በቅደም ተከተል ይመዘግባል፤ መዝገቡ ከሙሉ ቅጂው ላይ ተነሥቶ እስከተፈለገው ደቂቃ ድረስ እንደገና ይፈጸማል። በዚህ ላይ ሁለት ዝርዝሮች ትኩረት ይሻሉ። በፖስትግሬስኪውኤል የለውጥ መዝገቡ በተለመደው አሠራር በ16 ሜጋ ባይት ክፍሎች ይከፋፈላል፤ አንድ ክፍል ወደ ማኅደር የሚላከው ሲሞላ ነው። ምዝገባ በሚቀዘቅዝበት በሌሊት ተረኛ ሰዓት ክፍሉ ሳይሞላ ሰዓታት ሊያልፉ ይችላሉ፤ አመራሩ የአምስት ደቂቃ መረጃ ብቻ ይጠፋል ብሎ ሲያምን በእውነቱ የሌሊቱ ሁሉ ለአደጋ ተጋልጧል። መፍትሔው ክፍሉ ባይሞላም በየአምስት ደቂቃው እንዲላክ ማዘዝ ነው። ዋጋውም ይታወቃል፦ በቀን ቢያንስ 288 ክፍሎች፣ ማለትም ከመታመቁ በፊት 4.6 ጊጋ ባይት ያህል። ሁለተኛው ዝርዝር፣ ሙሉ ቅጂ በሳምንት አንዴ ብቻ ከተወሰደ እስከ ሰባት ቀን የተጠራቀመ መዝገብ እንደገና መፈጸም ይኖርበታል፤ ይህም የአገልግሎት መቋረጡን ያራዝማል።

የመስመር መቋረጥ

ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ከአርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ፣ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ከሁለት ሳምንት በላይ ተቋርጦ ቆይቷል። ቅጂውን በኢንተርኔት የሚልክ ተቋም ይህን እንደ አንድ የዕቅድ ሁኔታ ሊቆጥረው ይገባል፤ የውጭ መማሪያ መጻሕፍት የሚገምቱት መቋረጥ በደቂቃና በሰዓት የሚለካ ነው።

ለምሳሌ ያህል 200 ጊጋ ባይት የመረጃ ቋት፣ በቀን 30 ጊጋ ባይት የለውጥ መዝገብና በሰከንድ 20 ሜጋ ቢት የሚያስተላልፍ መስመር ያለው ተቋም እንውሰድ። የዕለቱ ለውጥ በ3 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ወደ አዲስ አበባ ይደርሳል፤ መስመሩ በቂ ይመስላል። አሁን ለ15 ቀናት ይቋረጥ። ተከታዩ ሰርቨር ያልተቀበለው መዝገብ እንዳይሰረዝ ሥርዓቱ ከተዋቀረ በዋናው ሰርቨር ላይ 450 ጊጋ ባይት ይከማቻል፤ ይህም ከራሱ ከመረጃ ቋቱ እጥፍ በላይ ነው። ዲስኩ ሲሞላ ዋናው አገልግሎት ራሱ ይቆማል። ለደኅንነት የተዘረጋው ዘዴ የአደጋው ምክንያት ሆነ ማለት ነው። ከ13ኛው የፖስትግሬስኪውኤል ስሪት ጀምሮ ለዚህ ክምችት ጣሪያ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ጣሪያው ሲታለፍ ተከታዩ ሰርቨር ከአዲስ ሙሉ ቅጂ እንደገና መሠራት ይኖርበታል፤ ይህ ግን ዋናው ከመቆሙ ይሻላል።

ከዚሁ ጋር የተያያዘ ሌላ ምርጫ አለ፤ እያንዳንዱ ምዝገባ በሩቁ ሰርቨር ሳይረጋገጥ አይጠናቀቅ ወይስ ማረጋገጫው ሳይጠበቅ ይቀጥል? የአዳማና የአዲስ አበባ ርቀት ለመጀመሪያው እንቅፋት አይደለም፤ ብርሃን በፋይበር ውስጥ 100 ኪሎ ሜትር ደርሶ ለመመለስ የሚፈጅበት አንድ ሚሊ ሰከንድ ያህል ነው። እንቅፋቱ መስመሩ ሲቋረጥ የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ አንድም ታካሚ መመዝገብ አለመቻሉ ነው። ስለዚህ ማረጋገጫ የሚጠበቅበት ሰርቨር በዚያው በአዳማ ግቢ፣ በሌላ ሕንፃ፣ ማረጋገጫ የማይጠበቅበት ደግሞ በሩቅ ቢሆን ይመረጣል።

መልሶ በማምጣት በኩል ያለው ስሌት ይበልጥ ይገርማል። በምሳሌያችን 200 ጊጋ ባይት በመስመር ከአዲስ አበባ ለማምጣት ከ22 ሰዓት በላይ ይፈጃል። በሰከንድ 100 ሜጋ ባይት በሚጽፍ ተንቀሳቃሽ ዲስክ ግን መቅዳቱ 33 ደቂቃ፣ አዳማ ሲደርስ መጫኑም እንደዚያው ነው፤ በፍጥነት መንገዱ የሚደረገው ጉዞ ከከተማው መጨናነቅ ጋር ሁለት ሰዓት ቢወስድ እንኳ ሥራው በሦስት ሰዓት ገደማ ያልቃል። እ.ኤ.አ. በ2014 የተከፈተው መንገድ ለአዳማ የመረጃ ቋቶች ከብዙ የኢንተርኔት ውሎች የበለጠ ፈጣን መስመር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ይህን መንገድ የመረጠ ተቋም ግን ዲስኩ በምስጢራዊ ቁልፍ የተቆለፈ መሆኑን፣ ቁልፉ ከዲስኩ ጋር አብሮ አለመጓዙን፣ ከአዳማ ሰርቨር ጋር አብሮ ሊጠፋ በሚችልበት ቦታም አለመቀመጡን ማረጋገጥ አለበት። በውጭ አገር ደመና ማስቀመጥ ለሚፈልግ ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የግል መረጃ ከአገር ስለሚወጣበት ሁኔታ የሚደነግገውን አስቀድሞ መመርመር ግዴታ ነው።

ለመካከለኛ ተቋም የሚስማማ ቅንብር

ከላይ የተነሡት ሦስቱ ጉዳቶች ሲጣመሩ መካከለኛ መጠን ላለው የአዳማ ተቋም የሚከተለው ቅንብር ተገቢ ይሆናል። በዚያው ግቢ በሌላ ሕንፃ በቀጥታ የሚባዛ ተከታይ ሰርቨር፤ በየሌሊቱ ሙሉ ወይም የልዩነት ቅጂ፤ በየአምስት ደቂቃው ወደ ማኅደር የሚላክ የለውጥ መዝገብ፤ መስመር ሲኖር ወደ አዲስ አበባ የሚፈስ፣ ሲቋረጥ በተወሰነ ጣሪያ የሚጠራቀም ቅጂ፤ በሳምንት አንዴም ከአውታረ መረብ ተነጥሎ ወደ አሰላ ወይም ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ የተቆለፈ ዲስክ። የመጨረሻው ከመሬት መንቀጥቀጥ ባሻገር ፋይል ቆልፈው ቤዛ የሚጠይቁ ፕሮግራሞችንም ይመክታል፤ ከሰርቨሩ ጋር የተገናኘ ቅጂ አብሮ ሊቆለፍ ይችላልና። ገንዘብ የሚያጥረው ተቋም ሊቀንስ የሚችለው ተከታዩን ሰርቨር ነው፤ ከዚያ የሚያጣው የሰዓታት አገልግሎት ነው። የለውጥ መዝገቡን ወይም የተነጠለውን ዲስክ ከቀነሰ ግን የሚያጣው መረጃውን ነው።

የማንሣት ሙከራ በየሦስት ወሩ ቢደረግ፣ ሙከራውን የሚያከናውነው ቅጂውን የሚወስደው ባለሙያ ሳይሆን ሌላ ሰው ቢሆን ይመረጣል፤ በተጻፈው መመሪያ ብቻ እየተመራ ባዶ ሰርቨር ላይ የመረጃ ቋቱን ያነሣል። በሙከራው መጨረሻ ሦስት ነገሮች በቃለ ጉባኤ ይያዛሉ፤ የፈጀው ጊዜ፣ የተገኘው የመጨረሻ ምዝገባ ሰዓት፣ እንዲሁም በዘፈቀደ የተመረጡ መዝገቦች ከወረቀት ሰነድ ጋር መመሳከራቸው። ሁለቱ የመጀመሪያ ቁጥሮች አመራሩ ካጸደቃቸው መለኪያዎች ጋር ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ ካልተጣጣሙ ወይ በጀቱ ይስተካከላል፣ ወይ መለኪያው በግልጽ ተሻሽሎ እንደገና ይፈረማል።