ምክት ይቅደም፤ ስለ ረጅም ዘንግ ልምምድ አጭር ጥናት

ከደባርቅ ተነሥቶ የሊማሊሞን ገደል በጠመዝማዛው መንገድ ወደ ዛሪማ ቆላ የሚወርድ መንገደኛ፥ ዱላውን በትከሻው አጋድሞ ሁለት እጆቹን በላዩ ያንጠለጠለ ገበሬ ሳያይ አይቀርም። ዱላው ለባለቤቱ በቁልቁለት ሦስተኛ እግር፥ በወንዝ የጥልቀት መለኪያ፥ በግጦሽ የከብት መመለሻ፥ በጠብ ጊዜም መምቻና መመከቻ ነው። እኛ ተማሪዎች ግን ዱላ ሲባል የሚታሰበን መምቻው ብቻ ነው። ይህ ጽሑፍ ዱላ የሰውነት መምህር መሆኑን፥ ትምህርቱም ከምት ይልቅ ምክትን የሚያስቀድም መሆኑን ለማስረዳት ይሞክራል። ለዚህም ትምህርቱን በጽሑፍ ያቆዩትን የቻይናን ሰዎች እንጠቅሳለን።

የቻይናዎች ዘንግ

በ16ኛው ምዕተ ዓመት የቻይና ጠረፍ በባሕር ወንበዴዎች ይወረር ነበር። ይህን የተከላከለው የጦር አለቃ ቺ ጂጓንግ በ1560 እ.ኤ.አ. ገደማ ባዘጋጀው የጦር ማሠልጠኛ መጽሐፍ የረጅም ጦርና የዱላ አያያዝን አስገባ፤ ስለ ዱላ የሚናገረውንም ከሌላው የጦር አለቃ ከዩ ዳዮ ድርሰት ወሰደ። ከጭፍራውም መካከል ቅርንጫፉ ያልተመለመለ ረጅም ቀርከሃ የያዙ ወታደሮች ነበሩ፤ ተግባራቸውም የጠላትን ሰይፍ ከጓዶቻቸው ማራቅ ነበረ።

ጦርና ሰይፍ በጠመንጃ ከተሻሩም በኋላ ዘንጉ አልተጣለም። ታይቺ፥ ሺንግ ዪና ባጓ የሚባሉት «የውስጥ» የትግል ጥበቦች ለሰውነት ማሠልጠኛ ያዙት። «የውስጥ» መባላቸው ከክንድ ጡንቻ ይልቅ የእግርን፥ የወገብንና የትንፋሽን ኅብረት ስለሚያስቀድሙ ነው። ዘንጉ 3 ሜትር ያህል ወይም ከዚያ የሚበልጥ ሲሆን፥ የሚቆረጥበት ዛፍ ከእኛ ወይራ ጋራ በአንድ የዕፀዋት ቤተ ሰብ የሚመደብ፥ ሲለመጥ ቶሎ የማይሰበር እንጨት ነው።

ርዝመቱ ለምን አስፈለገ?

ከዳር እስከ ዳር እኩል ውፍረት ያለው፥ 3 ሜትር ርዝመትና 2 ኪሎ ክብደት ያለው ዘንግ እንውሰድ። የኋላው እጅ ዳሩን፥ የፊተኛው እጅ ከዚያ በ60 ሳንቲ ሜትር ርቀት ይዘውት አግድም ቢቆም፥ የክብደቱ መካከል በ1.5 ሜትር ላይ ነውና የፊተኛው እጅ 5 ኪሎ ይሸከማል፤ የኋላውም በ3 ኪሎ ኀይል ወደ ታች መጫን አለበት። ክንድ ብቻውን ይህን ብዙ አይችልም፤ ቶሎ ይደክምና ሥራውን ለወገብና ለእግር ይለቃል። የመምህርነቱ ምሥጢርም ይኸው ነው። ደግሞም የፊተኛው እጅ ሳይነቃነቅ የኋላው 1 ሳንቲ ሜትር ቢንቀሳቀስ ጫፉ 4 ሳንቲ ሜትር ይሄዳል። ስለዚህ ትንሹ ስሕተት በጫፉ ላይ ጎልቶ ይታያል።

አሠራሩ

1ኛ/ ግራ እግርን አስቀድሞ ጉልበትን ዐጠፍ አድርጎ መቆም። ቀኝ እጅ የዘንጉን ዳር ይዞ ከዳሌ ይጠጋ፤ ግራ እጅ እንደ ቀለበት ላላ ብሎ ይደግፍ።

2ኛ/ ወገብን በማዞር ጫፉን ወደ ውጭ በትንሽ ግማሽ ክብ ማዞር። ይህ «ላን» ይባላል።

3ኛ/ እንደዚሁ ወደ ውስጥ መመለስ። ይህ «ና» ይባላል።

4ኛ/ የኋላው እግር ምድርን ገፍቶ፥ ወገብ ተከትሎ፥ ዘንጉ በግራ እጅ ውስጥ እየተንሸራተተ ወደ ፊት ይወረወራል። ይህ «ጃ» ነው።

ለመጀመር ቀጥ ያለ ደረቅ አጣና ይበቃል። በዙሪያ ሰው አለመኖሩን ማረጋገጥ፥ ትከሻም ወደ ላይ መነሣት ሲጀምር ማቆም ይገባል። እንግዲህ አንባቢ ልብ ይበል፤ ከሦስቱ እንቅስቃሴዎች ሁለቱ መመከቻ ናቸው፤ መውጊያው አንድ ብቻ ነው።

ለእኛስ?

ይህ አሳብ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ወጣቶች በዱላ የሚጫወቱት ምክቶሽ ስሙ ራሱ ከመመከት የመጣ ነው። በደቡብ ምዕራብም ሱርማዎች 2 ሜትር ያህል በሆነ ዘንግ የሚጋጠሙበት ዶንጋ ዳኛ አለው፤ ባላጋራን መግደልም ክልክል ነው። ልዩነቱ ቻይናዎቹ የእጃቸውን ዕውቀት መጻፋቸው ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. ታይቺ በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሲገባ፥ ከልምዱ ጋራ የሚጠቀስ ጽሑፍ ነበረው።

ስለዚህ ለክረምት ወደየአገራችን ስንመለስ ደብተር ይዘን ሽማግሌዎችን እንጠይቅ። ለዱላ የሚመረጠው ወይራ ነው ወይስ ውስጡ ድፍን የሆነው የቆላ ሽመል? ርዝመቱ በምን ይለካል? በምን ይታሻል? ከራስ፥ ከጎንና ከእግር ላይ የሚመጣ ምት እንዴት ይመከታል፥ ምክቱስ ምን ይባላል? በገበያና በግጦሽ ወሰን ላይ የሚነሣ የዱላ ጠብ ሰው ያቆስላል፥ ይገድላልም። መምታትን ማንም ሳያስተምረው ሰው ያውቀዋል፤ ሳይጻፍ ከአባቶች ጋራ የሚቀበረው ምክቱ ነው።