ማራቶን በማግስቱ ሌላ ማራቶን፦ ውጭ አገር ሄዳችሁ ለተከታታይ ቀናት ለምትሮጡ



ሰሞኑን በውስጥ መስመር የደረሰኝ አንድ ጥያቄ አለ። ጠያቂው ሁለት ማራቶን ጨርሷል። አሁን ደግሞ ውጭ አገር በ5 ቀን 5 ማራቶን የሚሮጥበት ውድድር ላይ ተመዝግቧል። የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ለጉልበቱ ዳይክሎፌናክ ይዞ ቢሄድ ችግር አለው ወይ?

አዎ፣ ችግር አለው። ከዚህ በታች የምጽፈው በሙሉ ለምን ችግር እንዳለውና በምትኩ ምን ማድረግ እንደሚቻል ነው። የምሠራው ነፋስ ስልክ ላፍቶ ስለሆነ በየጠዋቱ ከለቡ ወደ ኃይሌ ጋርመንት፣ ከጀሞ ወደ መካኒሳ የምትሮጡትን አያችኋለሁ። ስለዚህ ጥያቄው የአንድ ሰው ብቻ አይመስለኝም።

መጀመሪያ ውድድሩን ለማታውቁት፦ እንግሊዝ ውስጥ ዊንደርሚር ሐይቅ ዙሪያ ለ10 ቀን በየቀኑ አንድ አንድ ሙሉ ማራቶን የሚሮጥበት ውድድር አለ። በ7 ቀን በ7 አህጉር 7 ማራቶን ሮጦ የሚጨረስበትም አለ፤ እዚያ ደግሞ በየመሃሉ አውሮፕላን ላይ ነው የሚታደረው። እ.ኤ.አ. በ2003 እንግሊዛዊው ተጓዥ ራኑልፍ ፋይንስ ከሐኪሙ ማይክ ስትራውድ ጋር ሆኖ 7ቱን አህጉር በ7 ቀን ሮጧል። ፋይንስ ይህን ያደረገው የልብ ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት 4 ወር ገደማ በኋላ ነው። (ይሄንን አርአያ አድርጋችሁ እንዳትወስዱ! አጠገቡ የሚሮጠው ሰው ሐኪም እንደነበረ አትርሱ።)

እኛ ኢትዮጵያውያን ደግሞ "ሩጫ በደማችን ነው" ማለት እንወዳለን። ልክ ነው፣ እንኩራ። ግን የጀግኖቻችንን ታሪክ በደንብ እንየው። ማሞ ወልዴ እ.ኤ.አ. በ1968 ሜክሲኮ ኦሎምፒክ ጥቅምት 13 ቀን በ10 ሺህ ሜትር ብር አገኘ። ጥቅምት 20 ደግሞ ማራቶኑን በወርቅ ጨረሰ። ከ10 ኪሎ ሜትር ወደ 42 ኪሎ ሜትር ለመሄድ አንድ ሳምንት ነበረው። ሜክሲኮ ሲቲ ከባሕር ወለል በላይ 2,240 ሜትር ገደማ ስለሆነች አየሩም ከአዲስ አበባ ብዙ የራቀ አልነበረም። በዚያው ማራቶን ላይ አበበ ቢቂላ እግሩን ታሞ ስለነበር መሃል ላይ አቋርጦ ወጥቷል። ሁለት ኦሎምፒክ በተከታታይ ያሸነፈ ሰው እንኳ ሰውነቱ እምቢ ሲለው አቁሟል።

አሁን ወደ ኩላሊት እንምጣ፤ ዋናው ጉዳይ እዚህ ነው።

አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2015 የሃርትፎርድ ማራቶንን የሮጡ 22 ሰዎች ደምና ሽንታቸው ከሩጫው በፊትና በኋላ ተመርምሮ ነበር። ከነዚህ 82 በመቶዎቹ ላይ ማራቶኑ እንዳለቀ የኩላሊት ጉዳት ምልክት ታየ። ልብ በሉ፣ እነዚህ ጤነኛና የሠለጠኑ ሯጮች ናቸው። ደስ የሚለው ነገር በ2 ቀን ውስጥ ኩላሊታቸው ተመልሷል። ስለዚህ አንድ ማራቶን ሮጣችሁ ቤታችሁ ለምታርፉ ሰዎች ይሄ ብዙ የሚያስጨንቅ ነገር አይደለም።

ለተከታታይ ሯጭ ግን ሂሳቡ ሌላ ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ጀምራችሁ በ5 ሰዓት ጨረሳችሁ እንበል፤ ከቀኑ 7 ሰዓት ሆነ። የሚቀጥለው ማራቶን በማግስቱ ጠዋት 2 ሰዓት ነው። በመሃል 19 ሰዓት አለ። ኩላሊት እስከ 2 ቀን የሚፈልግበትን ሥራ በ19 ሰዓት ጨርስ እየተባለ ነው። በሦስተኛው ቀን ያልተከፈለ ዕዳ በዕዳ ላይ ይደረባል ማለት ነው።

ለምን ይጎዳል? ስንሮጥ ደም በብዛት ወደ ጡንቻና ወደ ቆዳ ይሄዳል። ለኩላሊት የሚደርሰው ይቀንሳል። ላብ ሲጨመርበት ደግሞ የበለጠ ያንሳል። ሰፈራችን ውሃ በፈረቃ እንደሚመጣው ማለት ነው፤ መስመሩ አልተዘጋም፣ ግን ግፊት የለም። በዚህ ጊዜ ሰውነታችን ፕሮስታግላንዲን በሚባሉ ንጥረ ነገሮች አማካይነት ወደ ኩላሊት የሚገባውን የደም ሥር ከፍቶ ይይዘዋል። ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና የመሳሰሉት ማስታገሻዎች የሚሠሩት እነዚህኑ ፕሮስታግላንዲኖች በመቀነስ ነው። ሕመሙ የሚጠፋው በዚህ ነው፣ የኩላሊቱ ቧንቧ የሚጠበውም በዚሁ ነው።

ይሄ በወሬ ብቻ አይደለም። ለብዙ ቀናት በሚሮጥ ውድድር ውስጥ 80 ኪሎ ሜትር በሚሸፍነው ቀን ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት አለ። ገሚሱ ሯጭ አይቡፕሮፌን፣ ገሚሱ ምንም መድኃኒት የሌለበት ኪኒን ተሰጠው። አይቡፕሮፌን ከወሰዱት 52 በመቶ፣ ካልወሰዱት 34 በመቶ የኩላሊት ጉዳት ታየባቸው። ጥናቱ ትንሽ ነው፣ ከመቶ ያነሱ ሰዎች ናቸው የተሳተፉት። እኔ ግን ይሄንን እያወቅኩ ለሯጭ አላዝለትም።

የኛ አገር ችግር ደግሞ እነዚህ መድኃኒቶች በብዙ ስም መሸጣቸው ነው። ፋርማሲ ገብታችሁ "የጉልበት ሕመም መድኃኒት" ብትሉ የሚሰጣችሁ አብዛኛውን ጊዜ ከነዚሁ አንዱ ነው። የካርቶኑን የፊት ስም ሳይሆን በትንሽ ፊደል የተጻፈውን የመድኃኒቱን ትክክለኛ ስም አንብቡ፦ ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን፣ ናፕሮክሲን፣ ኢንዶሜታሲን፣ ሜሎክሲካም። ሁሉም አንድ ቤተሰብ ናቸው። መርፌውም ያው ነው፤ በመርፌ ሲሆን ኩላሊትን አይነካም የሚባለው ውሸት ነው።

ታዲያ ሲያም ምን እንውሰድ? ፓራሲታሞል ይሻላል። 500 ሚሊ ግራም ከሆነ በአንድ ጊዜ ከ2 ፍሬ፣ በ24 ሰዓት ደግሞ ከ8 ፍሬ በፍጹም አይለፍ። የጉንፋን መድኃኒት ውስጥም ፓራሲታሞል ስለሚኖር አብራችሁ እንዳትደርቡ። አልኮል አይጨመርበት። ሕመሙ በፓራሲታሞል የማይቻል ከሆነ ግን ያ ሕመም አንድ ነገር እየነገራችሁ ነው። አጥንት ላይ በአንድ ጣት ተጭናችሁ የምታሳዩት ዓይነት ሕመም ከሆነ፣ አጥንቱ ተሰንጥቆ ሊሆን ስለሚችል በማግስቱ መሮጥ የለም።

ትራማዶልስ? ስለሱ ለየት ያለ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ከጥር 1 ቀን 2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በውድድር ጊዜ የተከለከለ ሆኗል። ከዚያም በላይ እንደ ዱባይ ባሉ አገሮች ቁጥጥር የሚደረግበት መድኃኒት ነው። ያለ ቅድሚያ ፈቃድ ሻንጣ ውስጥ ቢገኝ ሩጫው ቀርቶ እስር ሊከተል ይችላል። ትራንዚት ብቻ ነው የማደርገው ብላችሁም አትዘናጉ። በሐኪም የታዘዘላችሁን ማንኛውንም መድኃኒት ከነማዘዣው፣ በራሱ ካርቶን ያዙ።

ሽንታችሁን እዩ። ያፍራል እንዴ? ማንም አያያችሁም። ከሩጫ በኋላ ሽንት ትንሽ ጠቆር ማለቱ የተለመደ ነው፣ ውሃ ስትጠጡ ይነጣል። ኮካ ኮላ ወይም ጥቁር ሻይ ከመሰለ፣ ወይም ለሰዓታት ጭራሽ ካልመጣ ግን የተጎዳው ጡንቻ ውስጡ ያለውን ወደ ደም እየለቀቀ ኩላሊትን እየደፈነ ሊሆን ይችላል። ራብዶማዮላይሲስ ይባላል። በዚያ ቀን ወደ ሆስፒታል እንጂ ወደ መነሻው መስመር አይኬድም። ያለ ቀልድ፣ በዚህ ምክንያት ዳያሊሲስ ላይ የሚወድቁ ሰዎች አሉ። የዳያሊሲስ ወጪ ምን እንደሆነ ደግሞ ዘመድ ያስታመመ ሁሉ ያውቀዋል።

"እሺ፣ እንግዲያው ውሃ በብዛት ልጠጣ" የሚል ይኖራል። ቆይ፣ ቀስ በሉ።

እ.ኤ.አ. በ2002 ቦስተን ማራቶንን ከጨረሱ ሯጮች የ488ቱ ደም ተመርምሮ 13 በመቶዎቹ ላይ የሶዲየም (የጨው) መጠን ከመደበኛው በታች ሆኖ ተገኘ። ሃይፖናትሬሚያ ይባላል። ለዚህ ዋነኛው ምልክት ምን ነበር? ሲሮጡ ኪሎ መጨመራቸው! ማለትም በላብ ከወጣው በላይ ጠጥተዋል። ቀስ ብለው የሚሮጡ ሰዎች የበለጠ ይጋለጣሉ፣ ምክንያቱም በየጣቢያው ቆሞ ለመጠጣት ጊዜ አላቸው።

ስለዚህ ትንሽ ሚዛን ያዙ። ከሩጫ በፊትና በኋላ ተመዘኑ። አንድ ሁለት ኪሎ መቀነስ የሚጠበቅ ነው፤ በምግብና በመጠጥ እስከ ማታ ቀስ በቀስ ይመለሳል። ኪሎ ከጨመራችሁ ግን በሚቀጥለው ቀን የምትጠጡትን ቀንሱ። ሲጠማችሁ ጠጡ፣ ሳይጠማችሁ አታስገድዱ። ከሩጫ በኋላ ጨው ያለው ሾርባ፣ ቅቅል ድንች በጨው፣ ወይም ከፋርማሲ የሚገኘው ኦአርኤስ ከባዶ ውሃ በጣም ይሻላል። በሶ የለመደላችሁ ሰዎች ያዙት፣ ጥሩ የጉልበት ምንጭ ነው። ብቻ የምትሄዱበት አገር ምግብ ማስገባት ይፈቅድ እንደሆነ አስቀድማችሁ አጣሩ። በጾም ወቅት የሚሮጥ ሰው ችግሩ ሥጋ አለመብላቱ አይደለም፤ ሽሮና ምስር ፕሮቲን አላቸው። ችግሩ ከሩጫ በኋላ ለሰዓታት ባዶ ሆድ መቆየቱ ነው፤ ጡንቻ ከሁሉም በላይ ምግብ የሚፈልገው ያኔ ነውና።

የሶዲየም ማነስ ራስ ያሳምማል፣ ያቅለሸልሻል፣ ያስመልሳል፣ ጣት ያሳብጣል (ቀለበት ይጠብቃል)፣ ሲብስ ግራ ያጋባል፣ ይጥላል። ችግሩ ውሃ ያነሰው ሰውም ራሱን ሊያመውና ሊያቅለሸልሸው መቻሉ ነው። ለዚህ ነው "ደክሞኛል፣ ግሉኮስ ይሰካልኝ" የሚለውን ልማዳችንን እዚያ እንዳትወስዱት የምለምናችሁ። ሶዲየሙ ለወረደ ሰው የግሉኮስ ውሃ መጨመር አንጎሉን የበለጠ ሊያሳብጠው ይችላል። መጀመሪያ ደም ይለካ፣ ከዚያ ይሰካ።

ስለ ሙቀት አጭር ነገር። አዲስ አበባ ላይ መሠልጠን ቀይ የደም ሴል ይጨምራል፣ ሙቀትን ግን አያስተምርም። የኛ ጠዋት ቀዝቃዛ ነው። ሞቃትና ወበቃማ አገር የምትሮጡ ከሆነ ሰውነት ለመላመድ ከ10 እስከ 14 ቀን ይፈልጋል። ያን ያህል ቀድሞ መሄድ ለብዙዎቻችን በኪስ የሚቻል አይደለም። ካልተቻለ የመጀመሪያውን ቀን ከምታስቡት በጣም ቀስ ብላችሁ ሩጡ።

አውሮፕላኑንም አትናቁት። ከ4 ሰዓት በላይ የሚወስድ በረራ እግር ውስጥ ደም እንዲረጋ ያግዛል። በውሃ ማነስና በተጎዳ ጡንቻ ላይ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ጥንድ ሆርሞን ያለበት የወሊድ መቆጣጠሪያ ኪኒን የምትወስዱ እህቶች፣ ወይም ከዚህ በፊት ደም ረግቶባችሁ የሚያውቅ፣ ሳታማክሩኝ ወይም ሐኪማችሁን ሳታማክሩ እንዳትሳፈሩ። መተላለፊያው ዳር ያለውን ወንበር ያዙ፣ በየሰዓቱ ተነሱ፣ ቁርጭምጭሚታችሁን አንቀሳቅሱ፣ የእንቅልፍ ኪኒን አትውሰዱ። ከቻላችሁ የመጨረሻውን ማራቶን በጨረሳችሁበት ሌሊት አትብረሩ። ሯጭ ሁለቱም ባቱ ያመዋል፣ ይሄ የጡንቻ ነው። አንዱ ባት ብቻ ካበጠ፣ ካቃጠለና ከጠነከረ፣ ወይም ድንገት ትንፋሽ ካጠረና ደረት ከወጋ ግን ሰዓት የማይሰጥ ነገር ነው።

ልብን በተመለከተ ለኛ አገር የተለየ ነገር አለ። በልጅነት የጉሮሮ ሕመም በደንብ ሳይታከም ሲቀር የሚመጣው የሪህማቲክ የልብ ሕመም እዚህ በብዛት ይታያል። ሰውየው ሳያውቀው ለዓመታት ሊኖር ይችላል። በልጅነታችሁ መገጣጠሚያ እያበጠ የሚያሳምም ትኩሳት ከነበረባችሁ፣ ስትሮጡ ራሳችሁን ስታችሁ ከወደቃችሁ፣ ወይም ከቤተሰብ በወጣትነቱ በድንገት የሞተ ሰው ካለ፣ የልብ አልትራሳውንድ (ኢኮ) ሳትነሱ ትኬት አትቁረጡ። ትኩሳት ባለበት ቀንም አይሮጥም፤ ቫይረሱ ልብ ላይ ሊወጣ ይችላል።

ለመሆኑ ዝግጁ መሆናችሁን እንዴት ታውቃላችሁ? ከጉዞው ወራት ቀድማችሁ ቅዳሜና እሑድን አያይዛችሁ ረጅም ሩጫ ሞክሩ፤ ለምሳሌ ቅዳሜ 25፣ እሑድ 20 ኪሎ ሜትር። ፈጣን መሆን የለበትም። የሚፈተነው የቅዳሜው ሩጫ ሳይሆን እሑድ ጠዋት ከአልጋ አወራረዳችሁ ነው። ያለ ማስታገሻ እሑድን መሮጥ ካልቻላችሁ 5 ቀን የሚባለው ውድድር ገና ነው። መጀመሪያ የ2 ቀኑን ፈልጉ።

ከመሄዳችሁ ከ6 እስከ 8 ሳምንት በፊት ብቅ በሉና የደም ግፊት፣ የሽንት ምርመራ፣ ክሬአቲኒን፣ የደም ማነስ ምርመራና ኢሲጂ ተነሱ። የክሬአቲኒኑን ውጤት ፎቶ አንስታችሁ ስልካችሁ ላይ አስቀምጡት። ውጭ አገር ብትታመሙ የሚያክማችሁ ሐኪም መጀመሪያ የሚጠይቀው "በፊት ስንት ነበር?" ብሎ ነው። የጉዞ ኢንሹራንስ ስትገዙም ውድድርን ይሸፍን እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቁ፤ "ስፖርት አይመለከተንም" የሚሉ አሉ።

ስኳር፣ ደም ግፊት ወይም የኩላሊት ችግር ያለባችሁ፣ በተለይ የግፊት መድኃኒታችሁ ኢናላፕሪል ወይም ሽንት የሚያሸና ኪኒን ከሆነ፣ ከላይ የጻፍኩት በቂ አይደለም፤ በአካል መታየት አለባችሁ። መድኃኒቱን ግን በራሳችሁ እንዳታቆሙ።

ለእንዲህ ዓይነት ውድድር የሚዘጋጅ ሰው ካወቃችሁ ይሄንን ላኩለት፤ ቢያንስ የመድኃኒቶቹን ስም ያንብብ።