ጠመንጃውን ያስቀመጠ እጅ



ባለፈው የትንሣኤ በዓል ሰሞን እኛ የሰንበት ትምህርት ቤቱ ወጣቶች ስኳር፣ ቡናና ዘይት ይዘን በሸዋ በር አካባቢ የሚኖሩ አረጋውያንን ጠይቀን ነበር። ከእነርሱ አንዱ በ1970 ዓ.ም. የሶማልያ ጦር እስከ ሐረር ዳርቻ በደረሰበት ጊዜ የተዋጉና ግራ እጃቸው የተጎዳ የቀድሞ ወታደር ናቸው። ያመጣነውን አስቀምጠን፣ «እንኳን አደረሰዎ» ብለን ልንወጣ ስንል፣ «ልጆቼ፣ ስኳሩንስ አመጣችሁ፤ አብሮኝ የሚጠጣውስ የታለ?» አሉን።

አፈርን። ሌሎች ቤቶች ይጠብቁን ስለ ነበር ግን ሳንቀመጥ ወጣን። ጥያቄያቸው ከልባችን ስላልጠፋ የዛሬው ጥናታችን መነሻ አድርገነዋል። ከዘመቻ የተመለሰ ሰው ከእንጀራና ከመድኃኒት ሌላ ምን ያስፈልገዋል?

ሀ. ወታደር ከሠራዊቱ ሲለይ ምን ያጣል?

ወታደር ከጓደኞቹ ጋር አንድ ድንኳን፣ አንድ ቀለብ፣ አንድ አደጋ ይካፈላል። ጠዋት ሲነሣ የሚሠራውን ያውቃል። ከሠራዊቱ ሲለይ ታዲያ ደመወዙን ብቻ ሳይሆን ጓደኛውንና የዕለት ተግባሩንም አብሮ ያጣል።

በአገራችን ይህ በብዙ ሰው ላይ ደርሷል። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ከ400 ሺህ በላይ የቀድሞ ሠራዊት አባላት ተበትነዋል። እነርሱንና የጦር ጉዳተኞችን የሚያቋቁም ኮሚሽንም በዚያው ዓመት ተቋቁሞ ነበር። ወደ ገጠር ለተመለሱት መሬት፣ ዘርና ቀለብ ተሰጥቷል። ይሁን እንጂ ሰውየውን ጎረቤት የሚያደርገው በደቦ አብሮ ማረሱ፣ በዕድር አብሮ መቀበሩ ነው። ይህን ኮሚሽን ሊያድለው አይችልም፤ ጎረቤት ግን ይችላል።

ከዚያም በፊት በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ ወደ ኮርያ ዘምቷል። በዚያ ጦርነት ከ120 በላይ ኢትዮጵያውያን ሲሞቱ ከ500 በላይ ቆስለዋል። የተመለሱት ዘማቾች የራሳቸው ማኅበር አላቸው። ማኅበር ችግርን ለብቻ ከመሸከም ያድናልና።

ለ. ከሩቅ አገር የተገኘ ምሳሌ

በአሜሪካ ዋሽንግተን ይገኝ በነበረው የዋልተር ሪድ ወታደራዊ ሆስፒታል ኤድ ኒኮልሰን የተባሉ ጡረታ የወጡ የባሕር ኃይል መኮንን በካንሰር ምክንያት ይታከሙ ነበር። በዚያ ከኢራቅና ከአፍጋኒስታን ቆስለው የመጡ ወጣቶችን አዩ። እርሳቸው ዓሣ ማጥመድ ይወዱ ነበርና እነዚህን ልጆች ይዤ ወደ ውኃ ብወርድስ ብለው አሰቡ። በ2005 (እ.ኤ.አ.) ሥራው ተጀመረ። ቁስለኞቹ በመጀመሪያ በሆስፒታሉ ሣር ላይ ዘንግ መወርወር ተማሩ፤ ከዚያም ወደ ወንዝ ወረዱ። ዛሬ ይህ ድርጅት በብዙ የአሜሪካ ክፍላተ ግዛት ይሠራል። የሚያስተምሩት በጎ ፈቃደኞች ሲሆኑ ወታደሮቹ አይከፍሉም።

አጠማመዱ ፍላይ ፊሺንግ ይባላል። በተለመደው አጠማመድ የመንጠቆው ክብደት ሲባጎውን ይዞ ይሄዳል። በዚህኛው ግን ክብደት ያለው ሲባጎው ራሱ ነው። መንጠቆው ላባና ክር ተጠቅልሎበት የውኃ ዳር ዝንብ እንዲመስል ስለሚደረግ እጅግ ቀላል ነው። አጥማጁ ዘንጉን ወደ ኋላ ወስዶ ሲባጎው እስኪዘረጋ ይጠብቃል፤ ከዚያም ወደ ፊት ይወረውራል። የቸኮለ ሰው ሲባጎው ይተበተብበታል።

ሐ. ይህ ሥራ የሚጠቅመው በምንድን ነው?

አንደኛ፣ እጅን ያሠለጥናል። መንጠቆው በትንሽ ሞርሳ ተይዞ ክሩ በጣት ስለሚጠቀለል የተጎዳ እጅ እንደገና ሥራ ይለምዳል።

ሁለተኛ፣ አሳብን ይሰበስባል። ጦርነት በሌሊት የሚመለስበት ሰው ዓይኑ ውኃው ላይ ባለበት ሰዓት ጥቂት ያርፋል።

ሦስተኛው ግን ከሁሉ ይበልጣል። ጓደኛ ይሰጣል። ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ቆመው ውኃ ሲያዩ የግድ መናገር የለባቸውም። የሚናገሩም ከሆነ የሚሰማቸው ያው መከራ ያለፈበት ሰው ነው። ትናንት የተማረውም ነገ ለሌላው ያስተምራል፤ ተረጂ የነበረው ረጂ ይሆናል።

ይህ ሁሉ ሐኪምን ይተካል ማለታችን አይደለም። ሐኪም ቁስሉን ሲያክም ጓደኛ ደግሞ ሰውየውን ያቆማል ማለታችን ነው።

መ. ይህ ለእኛ ምን ይሆነናል?

ለዚህ አጠማመድ የሚፈለገው ትራውት የተባለው ዓሣ በአገራችንም አለ። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከኬንያ መጥቶ በባሌ ተራሮች ወንዞች ውስጥ ተጨምሯል። ከሸዋ በር እስከ ባሌ ግን ሩቅ ነው፤ ዘንጉም ውድ ነው። በቅርባችን ያለው የሐሮማያ ሐይቅም በ1990ዎቹ ዓ.ም. ደርቆ ነበር፤ ውኃ የተመለሰበት በቅርብ ዓመታት ነው። እንግዲህ ወንዝ የለንም ብለን እንቀመጥ? አይደለም። ከዚያ ሥራ የምንማረው እጅ የሚሠራው ነገር፣ ጎን ለጎን የሚቆም ሰውና የማይቋረጥ ቀጠሮ እንደሚያስፈልግ ነው።

እኛም ወደ እኒያ አባት ተመልሰን ሄድን። በወታደርነታቸው ዘመን የሬዲዮ መገናኛ ሠራተኛ እንደ ነበሩ ያወቅነው ያን ቀን፣ ተቀምጠን ቡና ስንጠጣ ነው። በሚቀጥለው ቅዳሜ የተበላሸውን የድምፅ ማጉያችንን ወሰድንላቸው። በቀኝ እጃቸው ከፈቱት። «አንተ ሽቦውን ያዝልኝ፤ አንቺ ባትሪውን ወደዚህ አብሪ» እያሉ አዘዙን። ግራ እጃቸው ያልቻለውን የእኛ እጆች ሠሩ። ወደ ማታ ላይ ማጉያው ድምፅ ሰጠ። እርሳቸውም፣ «በሚመጣው ቅዳሜስ ምን የተበላሸ አላችሁ?» አሉን።

አሁን ከእኛ ሁለቱ ቅዳሜ ቅዳሜ ሬዲዮ መጠገን ይማራሉ። ከጎረቤት ሌላ የቀድሞ ወታደርም መምጣት ጀምረዋል። ሁለቱ አባቶች ስለ ጦርነት ሲያወሩ ብዙ ጊዜ አልሰማንም፤ ስለ ሽቦ ግን ይከራከራሉ።

ስኳር መውሰዳችንን አልተውንም። አሁን ግን አብረን እንጠጣዋለን።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በሰፈራችሁ ከዘመቻ የተመለሱ ስንት አባቶችና እናቶች አሉ? ስማቸውን ታውቃላችሁ?

2. ከመዝመታቸው በፊት ወይም በሠራዊት ውስጥ ሳሉ የተማሩት ሥራ ምን ነበር? ከእነርሱ ምን መማር እንችላለን?

3. ስጦታ ሰጥቶ መሄድና ቀጠሮ ይዞ መመለስ ምን ልዩነት አላቸው?