ዲስኩ አልነሳም ሲል

ልጄ፣ ትናንት ማታ ስትደውልልኝ ድምፅህ ይጣደፍ ነበር። ሊኑክሱ ሲነሳ ጥቁር ስክሪን ላይ ቆሞ «ኤፍኤስሲኬን በእጅህ አስኪድ» ይለኛል አልከኝ። የእናትህ ሱቅ ሂሳብ ያለው እሱ ላይ ነውና ጭንቀትህ ይገባኛል። ተረጋግተህ አንብበኝ።

1. ምንም ከመጫንህ በፊት ስክሪኑን በስልክህ ፎቶ አንሳው። ያስቸገረው የዲስክ ክፍል ስሙ እዚያው ተጽፏል።

2. ማዳን ከመጠገን ይቀድማል። ኤፍኤስሲኬ የሚያስተካክለው የዲስኩን መዝገብ ነው፤ ፋይልህን ለማትረፍ ቃል አይገባም። ይህን የተማርኩት በሰው ንብረት ነው። አንድ ደንበኛ ባመጣልኝ ዲስክ ላይ ኤፍኤስሲኬ ለሚነሳው ጥያቄ ሁሉ «አዎ» እያለ እንዲቀጥል አዘዝኩት። ኮምፒውተሩ ተነሳ። የሰርጉ ፎቶዎች ግን ግማሾቹ «ሎስት ፋውንድ» በሚባለው ፎልደር ውስጥ ስማቸው ጠፍቶ በቁጥር ብቻ ተገኙ፤ የቀሩት የውሃ ሽታ ሆኑ። የሰውየው ፊት ዛሬም ይታየኛል። አንተ ሊኑክስ ባለበት ፍላሽ አስነሳው፣ ዲስኩን ለንባብ ብቻ ክፈት፣ የሱቁን ሂሳብ ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጥ። ማንበብ ካቃተው በዲዲሬስኪው ሙሉ ቅጂ አውጣና ጥገናውን ቅጂው ላይ ሞክር። የሚያንኳኳ ድምፅ ካሰማ ግን ወዲያው አጥፋው።

3. የዲስኩን ጤና በስማርትሲቲኤል እይ። መለያ ቁጥራቸው 5 እና 197 በሆኑት መስመሮች መጨረሻ ላይ ያለው ቁጥር ከዜሮ በልጦ እየጨመረ ከሄደ ዲስኩ እየሞተ ነው፤ መጠገኑ ትርጉም የለውም። የመለያ ቁጥር 199 መስመር ከጨመረ መጀመሪያ ኬብሉን ቀይር።

4. ዲስኩ ጤነኛ ከሆነ ኤፍኤስሲኬን አስኪድ፤ ማውንት በተደረገ ዲስክ ላይ ግን በፍጹም። መጀመሪያ «ኤን» ጨምርበት፤ ምንም ሳይነካ ያየውን ብቻ ይነግርሃል። ጥገናው አልቆ የመውጫ ኮዱ 1 ከሆነ ስህተቱ ታርሟል፤ 4 ከሆነ ያልታረመ ቀርቷል።

5. አንዳንዴ ዲስኩ ምንም አልሆነም። ኤፍኤስታብ ውስጥ ያለው ዩዩአይዲ፣ ብሎክአይዲ ከሚያሳይህ ጋር ይመሳከር፤ ፎርማት የተደረገ ክፍል መለያው ይለወጣል። ሁልጊዜ የማይሰካ ዲስክ ካለ «ኖፌይል» ጻፍለት።

ሰዓቱንም እይ። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ባለ 3 ቮልት ክብ ባትሪ ስታልቅ ኮምፒውተሩ ዓመታት ወደ ኋላ ይመለሳል። ያኔ ዲስኩ ለመጨረሻ ጊዜ የተከፈተበት ቀን «ገና ያልደረሰ» ይሆንበትና፣ በተለይ በቆዩ ስሪቶች ላይ፣ ምርመራው ሊቆም ይችላል። እኛ አገር ሌላም መንገድ አለ፤ ባዮስ ውስጥ ዓመቱን በእኛ አቆጣጠር የሞላ ሰው ኮምፒውተሩን 7 ወይም 8 ዓመት ወደ ኋላ ወስዶታል። ለዚህ ሲባል ደህና ዲስክ እንዳትጥል።

6. ኤክስት4 ጆርናል ስላለው መብራት ድንገት ቢጠፋ መዋቅሩን አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ያስተካክላል። ዲስኩ ላይ ገና ያልተጻፈውን ሂሳብ ግን አይመልስም። ስለዚህ ለሱቁ ዩፒኤስ ግዙ፤ ከአዲስ ስክሪን በፊት።

አሁን ፎቶውን ላክልኝ። የስማርትሲቲኤሉን የ197 መስመር ሳላይ ለምንም ጥያቄ «አዎ» አትበል።