የወንጌል መድረክና የመንግሥት ወንበር

በዚህ ጽሑፋችን በአሜሪካ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት መሪዎች በመንግሥት ጉዳይ ያገኙት ተሰሚነት እንዴት እንዳደገና ምን እንዳስከፈለ እንመለከታለን። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በቨርጂኒያ የሊንችበርግ ከተማ መጋቢ የነበሩት ጄሪ ፎልዌል በ1965 ባሰሙት ስብከት የሰባኪ ጥሪ ነፍሳትን ማዳን እንጂ ፖለቲካ አለመሆኑን ተናግረው ነበር። በዚያን ወቅት የጥቁር አሜሪካውያን መጋቢዎች ለእኩል መብት ሰልፍ ይወጡ ነበር። በ1979 ግን እኚሁ ሰው «ሞራል ማጆሪቲ» የተባለውን የፖለቲካ ማኅበር መሠረቱ።

ለዚህ ለውጥ ከሚጠቀሱት ምክንያቶች መካከል የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ውሳኔዎች ይገኙበታል። ፍርድ ቤቱ በ1962 በመንግሥት ትምህርት ቤቶች መሪነት የሚደረገውን ጸሎት ከለከለ፤ በ1973 ደግሞ ፅንስ ማስወረድን በመላ አገሪቱ ፈቀደ። ቴሌቪዥንም የሰባኪዎችን ድምፅ በየቤቱ አደረሰ። የቴሌቪዥን ሰባኪው ፓት ሮበርትሰን በ1988 ለፕሬዚዳንትነት ዕጩ ለመሆን እስከ መወዳደር ደረሱ፤ አልተሳካላቸውም እንጂ።

በ1976 የተመረጡት ጂሚ ካርተር ዳግመኛ መወለዳቸውን በግልጥ የሚናገሩ የሰንበት ትምህርት አስተማሪ ነበሩ። ሆኖም በ1980 ምርጫ የእነ ፎልዌል ማኅበር ሮናልድ ሬገንን ደገፈ። አንዱን መጽሐፍ ቅዱስ የያዙ ወገኖች በምርጫ ሳጥን ፊት ተለያዩ ማለት ነው። ይሁንና ተሰሚነታቸው እየጨመረ ሄደ፤ በ2022 ፍርድ ቤቱ የ1973ቱን ውሳኔ ሲሽር ብዙዎቹ የረጅም ዘመን ልፋታቸው ፍሬ አድርገው ቆጠሩት።

ወንጌላዊው ቢሊ ግራሃም ግን ሌላ ትምህርት ትተውልናል። ከብዙ ፕሬዚዳንቶች ጋር ተቀራርበዋል፤ ይልቁንም የሪቻርድ ኒክሰን ወዳጅ ነበሩ። ኒክሰን በ1974 በዎተርጌት ቅሌት ሥልጣን ሲለቁ ያ ወዳጅነት ለግራሃም ሐዘን ሆነባቸው። በ2011 ስላለፈ ሕይወታቸው ሲጠየቁ፣ ዘመኑ ቢመለስላቸው ከፖለቲካ እንደሚርቁ ተናገሩ። ይህን ያሉት ከቤተ መንግሥት የተባረሩ ሰው አይደሉም፤ በሩ ሁልጊዜ ይከፈትላቸው የነበሩ ሰው ናቸው።

እንግዲህ ክርስቲያን ስለ አገሩ ዝም ይበል ማለታችን ነውን? አይደለም። በ1ኛ ነገሥት ምዕራፍ 22 በአክዓብ ፊት አራት መቶ ነቢያት ቆመው ንጉሡ የወደደውን ተናገሩ። ሚክያስ ግን እውነቱን ተናግሮ ወደ ግዞት ቤት ተወሰደ። ሁሉም በንጉሡ ፊት ቆመዋል፤ የለያያቸው ንጉሡን ለመቃወም ነፃ መሆናቸው ነበር።

እኛም ወጣቶች የመሪዎችን ተሰሚነት ስንመዝን ስንት ባለሥልጣን እንደሚያውቁ አንቁጠር። ይልቁንስ እንዲህ ብለን እንጠይቅ፦ የደገፉት ሰው ሲሳሳት ሊገሥጹት ይችላሉን? ባላንጣው እውነት ሲናገር እውነት ነው ይላሉን? ነገ በእኛም እጅ ኃላፊነት ሲገባ ይኸው ጥያቄ ይጠብቀናልና ከአሁኑ እንዘጋጅ።